አትንኩት

«የዛፍ ተከላ ጥቅም» ብዬ በጠመኔ፣
ሰሌዳው ላይ ጽፌ ዘወር አልሁኝ እኔ።
«አንድ ገጽ ሙሉ ይሁን፤ ለሰኞ ይደርሳል፤
ያልጻፈ ልጅ ካለ ከኳስ ይመለሳል።»

አርባ ሦስት ደብተር ታቅፌ ቤት ገባሁ፤
ቢቸና መብራት የለም፤ በእጅ ባትሪ አነበብሁ።
«ዛፍ የምድር ሳንባ»፣ «ዛፍ የአገር ካባ»፣
«ዛፍ ዝናብ ያመጣል»፣ ደግሞ «የምድር ሳንባ»፤
ከአርባ ልጅ ጉሮሮ ያው አንድ ሳል ሰማሁ፣
የራሴን ማስታወሻ በቀይ እያረምሁ።

ከሁሉ ሥር ነበር የአትንኩት ወረቀት፣
አራት መስመር ብቻ፣ ያውም የዶሮ ጭረት፦

«አምና በሐምሌ አንድ ዋንዛ ተከልሁ፤
ጉድጓዱ አዲስ አይደል፤ ካቻምናም ቆፈርሁ።
ወረቀቱ አምስት መቶ ተተከለ ይላል፤
እኔ ዘጠኝ አገኘሁ። ጥቅሙን ማን አይቶታል?»

«ከርእስ ወጥተሃል» ብዬ ጽፌ በቀይ፣
ከዐሥር ሁለት ሰጥቼ ወጣሁ አልጋዬ ላይ።
እንቅልፍ ግን እንደ ልጅ አኩርፎኝ አደረ፤
ለወረዳ «አምስት መቶ» ያለው የእኔ ብዕር ነበረ።

ጎሕ ሲቀድ ወረድሁ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ፤
ቦረቦሩ አድጓል፣ ሜዳውን ቦርብሮ፤
የግቡ አንድ ቋሚ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤
የልጆቹን ኳስ ጎርፉ ወስዶ ለዓባይ ሰጥቷል።
ቆጠርሁ፦ ባዶ ጉድጓድ፣ የደረቀ ስንጥር፣
ጥቁር ላስቲክ፣ ጉድጓድ፣ ደግሞ ሌላ ስንጥር።
ስምንት ነው ያገኘሁ፤ ዘጠነኛይቱን
ፍየል ታላምጣለች፣ ጨፍና ዐይኖቿን።

ማክሰኞ ጠዋት ከክፍል፣ ሰሌዳውን አጠፋሁ፤
«ሁለቱ የእኔ ውጤት ነው» ብዬ ደብተሩን መለስሁ።
«ልጆች፣ እንደገና። ሳንባውን ለሐኪም ተዉት፤
እናንተ የምታውቁትን ጻፉልኝ እንዳያችሁት።
ቦረቦሩ በአንድ ክረምት ስንት እርምጃ በላ?
ኩበት ምድጃ ሲገባ፣ እርሻው ምኑን ይብላ?
የአባታችሁ ባሕር ዛፍ ስንት ደብተር ገዛ?
ምንጩ ሲነጥፍስ፣ የእናታችሁ እርምጃ በስንት በዛ?
የማን ፍየል እንደበላች ስሙን ጽፋችሁ አምጡ፤
የእኔም ፍየል ከሆነች፣ ጻፉኝ፤ አትደንግጡ።»

ዝም አሉ። እርሳስ ተላጠ። ማስተዋል ምላሷን ነክሳ ጻፈች፦
«በደጃችን ብሳና አለ፤ እናቴ ስታዝን ትደገፈዋለች፤
ዛፉ ምን እንደሚላት አላውቅም፤ ብቻ ቀና ብላ ትመለሳለች።»
የፍየሏ ባለቤት ልጅ ላመስግን «የእኛ ናት» ሲል ጻፈ፤
ሦስት ጊዜ ሰርዞ፣ በአራተኛው አለፈ።

ሐምሌ መጣ። አምስት መቶ አልተከልንም። አርባ ሦስት።
ወረዳው «አነሰ» አለ፤ ቁጥሩ አልሞላለት።
ለየችግኙ የእሾህ አጥር፣ በአጥሩ ላይ ቆርቆሮ፣
በቆርቆሮው የተካይ ስም፣ በምስማር ተጭሮ።

መስከረም ላይ አንድ ሰው፣ በሬውን እየነዳ፣
አርጩሜ ሊቀነጥስ ጎንበስ አለ በማለዳ።
እጁ ከዋንዛው ሊደርስ፣ ቆርቆሮዋን አየ፤
ፊደል ቆጥሮ ነበርና፣ እያነበነበ ቆየ፦

«አት... ን... ኩት።»

እጁን ሰበሰበ።
ማን እንዳዘዘው ሊያይ ዞረ፤ ሰው አልነበረም፤
በሬውን በቃል ብቻ ነዳው፤ አልመታውም።

በመስኮቱ አየሁ። አትንኩት ከኋላ ወንበር፣
የማባዛት ሠንጠረዡን ሲሳሳት ነበር።
አልነገርሁትም፤ ነገ ወርዶ ይቁጠር ራሱ፤
«አርባ አንድ» ብሎኛል ትናንት፣ ሁለት ደርቀው ከነሱ።